ተከታታይ የምሥጢር ድራማ ስለ ምን እየደከመ ይሄዳል?

ባለፈው ጥቅምት ወር የድራማ ክበባችን አባላት የሆኑ አራት ተማሪዎች በሚኒ ሚዲያው በየሳምንቱ የሚሰማ ተከታታይ ድራማ ለመጀመር ዐስበው፣ የመጀመሪያውን ክፍል ጽፈው አመጡልኝ። አነበብሁት፤ መልካም ነበር። ከአንድ ወፍጮ ቤት ገንዘብ ይጠፋል፤ ባለወፍጮው ግን በሩን ከውስጥ ቈልፎ ተኝቶ ነበር። «ገንዘቡን የወሰደው ማን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው እርስ በርሳቸው ተያይተው ሣቁና «እሱን ገና አልወሰንም፤ እየጻፍን እናገኘዋለን» አሉኝ። እኔም እንግዲያውስ የመጨረሻውን ክፍል ጽፋችሁ እስክታመጡ ድረስ አይጀመርም አልኋቸው። ተቀይመው ሄዱ። የጋለ ሐሳብ ይዞ በመጣ ተማሪ ላይ ውኃ ማፍሰስ ደስ የሚያሰኝ ሥራ አይደለምና፣ ምክንያቴን በዚህ በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው መጽሔታችን ላይ ዘርዝሬ ለመጻፍ ወደድሁ።

ነገሩን ከቢቸና ልጀምር፤ የተወለድሁት እዚያ ነውና። ማታ ማታ በአያቴ ቤት እሳት ከብበን እንቆቅልሽ ስንጫወት፣ ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋበት እንደ ሆነ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ብሎ አገር ይቀበልና ፍቺውን ይናገራል። አንድ ማታ እኔ ከሁሉ በልጬ ለመታየት ስል ፍቺ የሌለው እንቆቅልሽ ፈጥሬ ጠየቅሁ። ልጆቹ ብዙ ደከሙ። ጎንደርን ሰጡኝ፤ አይበቃኝም አልሁ። ሸዋን ጨመሩልኝ። በመጨረሻ «በል ፍታው» ባሉኝ ጊዜ የምለው አጣሁና፣ ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጥቼ ከጎተራው ኋላ ተደበቅሁ። ከዚያ ማታ ወዲህ እኔ «እንቆቅልህ» ባልሁ ጊዜ «ምን አውቅልህ» የሚለኝ ልጅ አልተገኘም።

ይህ ሊያስተምረኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን አላስተማረኝም። ቤተ ሰባችን በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በተዛወረ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ ይታይ የነበረበት ዘመን ነው። ድራማው በሚታይበት ማታ እኛ ልጆች ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ቤት መደቡ ላይ ተጣበን እንቀመጣለን፤ መብራት የጠፋ እንደ ሆነም በማግሥቱ ያየ ሰው ፈልገን እናስተርካለን። እኔም ሕዝብን በየሳምንቱ እንዲህ ማስጠበቅ እንዴት ያለ ሥልጣን ነው ብዬ ቀናሁና፣ በሚኒ ሚዲያ የሚነበብ «የጠፋው ደወል» የሚባል ድራማ መጻፍ ጀመርሁ።

የድራማው ደወል ከግራር ላይ የተሰቀለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው። ሰኞ ጠዋት ዘበኛው ሊደውል ቢሄድ ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሎ ያገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪው ሁሉ በዕረፍት ሰዓት ከድምፅ ማጉያው ሥር ተሰበሰበ። በሁለተኛው ሳምንት ከዛፉ ሥር የባዶ እግር ዱካ አገባሁ፤ በሦስተኛው በቀይ ቀለም የተጻፈ ደብዳቤ፤ በአራተኛው በሌሊት ፋኖስ ይዞ የሚሄድ ሰው። ተማሪዎች በደብተርና በእስክሪብቶ ይወራረዱ ጀመር። በስድስተኛው ሳምንት ግን ዱካው፣ ደብዳቤውና ፋኖሱ የአንድ ሰው ሊሆኑ እንደማይችሉ ገባኝ። ዱካው ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ደብዳቤውን የጻፈው በዚያ ሌሊት ከከተማው ያልነበረ ሰው ነው፤ ፋኖሱን የያዘውም ዘበኛው ራሱ ነው። ከዚህ ለማምለጥ መንትያ ወንድም አመጣሁ፤ መንትያው አላድን ቢለኝ ሕልም ጨመርሁ። በዘጠነኛው ሳምንት ከድምፅ ማጉያው ሥር የቀሩት ሁለት ልጆች ነበሩ፤ እነርሱም ጥላ ፈልገው ነው። ደወሉን ማን እንደ ሰረቀው እኔው ጸሐፊው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግዲህ የምሥጢር ድራማ የሚደክመው ጸሐፊው ፍቺውን ሳያውቅ ስለሚጀምር ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ አመንሁ። ፍንጭ ሁሉ ከአድማጩ የተወሰደ ብድር ነው፤ እኔም የማልከፍለውን ተበድሬ ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ ይህ ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት ባሕር ዳር በዩኒቨርስቲ ሳለሁ፣ ከጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ «ትዊን ፒክስ» የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ በተመለከትሁ ጊዜ ነው።

ይህ ድራማ ዴቪድ ሊንችና ማርክ ፍሮስት የፈጠሩት ሲሆን፣ ኤቢሲ በሚባለው ጣቢያ መታየት የጀመረው መጋቢት 30 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። በካናዳ ጠረፍ አጠገብ በምትገኝ አንዲት የልብ ወለድ ከተማ፣ ላውራ ፓልመር የምትባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ተገድላ በላስቲክ ተጠቅልላ ከውኃ ዳር ትገኛለች፤ ኩፐር የሚባል የፌዴራል መርማሪም ሊመረምር ይመጣል። የመጀመሪያውን ማታ 34 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተመለከተው። በዚያው ዓመት ለኤሚ ሽልማት በ14 ዘርፍ ታጨ። የአገሩ ሰው ሁሉ «ላውራን ማን ገደላት?» ይል ጀመር።

አሁን ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች እንደ እኔ አልነበሩም። ገዳዩን ያውቁት ነበር፤ ከተዋንያኑ አብዛኞቹ ግን አልተነገራቸውም። ሊንች ዐሳቡ ምሥጢሩ ሳይፈታ እንዲቆይና በዚያ ሰበብ የከተማይቱ ሰዎች ኑሮ እንዲተረክ ነበር። ጣቢያው ግን ተመልካቹ ሰለቸ ብሎ መልሱ እንዲነገር አስገደደ። በሁለተኛው ዙር ኅዳር 1 ቀን 1983 ዓ.ም. ገዳዩ ለተመልካቹ ታየ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ጉዳዩ ተዘጋ። (ማን እንደ ሆነ እዚህ አልጽፍም፤ አንድ ቀን ልታዩት ትችሉ ይሆናል፤ የታየበት ማታ ክፍልም እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ የሚያስፈራ ነው።)

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ዙሩ 22 ክፍል ስለ ነበረው ገና ብዙ ማታ ይቀር ነበር። ቀድሞ አንዱ ሰው በር ሲዘጋ እንኳ «እርሱ ይሆን?» ብለን እንጠረጥር ስለ ነበር፣ ትንሹ ነገር ሁሉ ከብዶ ይታየን ነበር፤ ጥያቄው ሲወጣለት ግን በር መዝጋት በር መዝጋት ብቻ ሆነ። ጸሐፊዎቹ ባዶውን ለመሙላት የማያደርጉት አልነበረም። አንዲት ጐልማሳ ሴት አእምሮዋ ተናውጦ ተማሪ ነኝ ብላ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ አንዱ ወጣት በሞተር ብስክሌት ከከተማው ወጥቶ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋራ ይውላል፤ ቈይቶም በቼዝ ጨዋታ እያስታከከ ሰው የሚገድል አዲስ ጠላት መጣ። እያየሁ መንትያ ወንድሜንና ሕልሜን አስታወስሁ።

ጥፋቱ ሁሉ የደራሲዎቹ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ጣቢያው ሁለተኛውን ዙር ወደ ቅዳሜ ማታ አዛወረው፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ በአሜሪካ ወጣቱ ከቤት የሚወጣበት ነው። እኛ ዘንድ በገበያ ቀን ሰው ቤቱ ይቀመጥ እንደ ማለት ነው። በጥር ወር የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲነሣ ለዜናው ሲባል ድራማው ደጋግሞ ተሰረዘ፤ በየካቲትም ለጊዜው ተቋረጠ። ውሉ የረቀቀ ታሪክ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሌላው ይልቅ ይጐዳል፤ ተመልካቹ ሁለት ሳምንት ያለፈው እንደ ሆነ ፍንጩን ይረሳልና። ዙሩ ሰኔ 3 ቀን 1983 ዓ.ም. በሊንች በራሱ አዘጋጅነት አበቃ፤ በዚያን ማታ የተመለከተው ሕዝብ ከመጀመሪያው ሲሶ አይሞላም። እኛ አገር ግንቦት 20 ካለፈ ገና ሁለት ሳምንት ነበርና ስለ ላውራ ፓልመር የሚጨነቅ ማንም አልነበረም። የመጨረሻው ክፍል መልካም ሆኖ ሳለ አዲስ ጥያቄ ጥሎ ሄደ፤ 18 ክፍል ያለው ተከታይ የመጣው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ «ሰው ለሰው» ተመልሼ ዐሰብሁ። የእርሱ ቋጠሮ ሌላ ዓይነት ነው። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ክፉ ሰው መሆኑን ተመልካቹ ያውቃል፤ የማያውቁት በድራማው ውስጥ ያሉት ናቸው። ስለዚህ የምንጠይቀው «ማን?» ብለን ሳይሆን «መቼ ይያዛል?» ብለን ነው። ኮሎምቦ የሚባለው የአሜሪካ መርማሪ ድራማም ገዳዩን ከመጀመሪያው እያሳየ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ነገር ግን እርሱ ጉዳዩን በአንድ ማታ ይጨርሳል። «ሰው ለሰው» ከመቶ ክፍል በላይ ሄደ። ለእኔ እንደ መሰለኝ፣ የክፉው መያዝ በተራዘመ ቍጥር ፍርሃታችን ወደ ልማድ ተለወጠ፤ ጎረቤታችን የነበሩ እናት በኋለኞቹ ወራት ድራማው እየታየ ጥጥ ይፈትሉ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን እንዝርታቸውን አይነኩም ነበር። የአበበ ባልቻ ጨዋታ እስከ መጨረሻው ባይጸና ኖሮ መደቡ ቀደም ብሎ ባዶ በሆነ ነበር።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ ኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ በየክፍሉ ሲነበብ ግን እንዲህ ያለ ድካም አልደረሰበትም። አያቴ ዲማ ጊዮርጊስ ለቢቸና ቅርብ ስለ ሆነ የጎረቤት ወሬ እንደምትሰማ ሆና ነበር የምትሰማው። መጽሐፉ አልቆ ታትሟል፤ አንባቢው ቢፈልግ እንኳ አንድ ምዕራፍ ሊያስረዝም አይችልም። በቴሌቪዥንም ይህን የመሰለ ነገር ተሞክሯል፤ «ሎስት» የሚባለው ድራማ በኤቢሲ ሦስተኛ ዙሩን ይዞ ሲንገዳገድ፣ በ1999 ዓ.ም. አዘጋጆቹና ጣቢያው ተስማምተው 48 ክፍል ብቻ እንደ ቀረውና በ2002 ዓ.ም. እንደሚያበቃ አስታወቁ። ጸሐፊዎቹም የቀረውን ቈጥረው ማከፋፈል ቻሉ። ፍጻሜው ሁሉን ሰው ደስ አሰኝቷል ማለቴ አይደለም።

ወደ ክበባችን ልጆች ልመለስ። ከእነርሱ የጠየቅሁት ሌባውን ብቻ አልነበረም። የክፍሉ ቍጥር ዐሥር እንዲሆንና፣ ሌባው ከታወቀ በኋላ ደግሞ የሚቀር ሌላ ነገር እንዲኖር ጠየቅኋቸው፤ ይኸውም ባለወፍጮው ያለ ጥፋቱ የጠረጠረው ታናሽ ወንድሙ ዳግመኛ ቤቱ ይገባ ይሆን ወይ የሚለው ነው። በጥር ወር የመጨረሻውን ክፍል ይዘው መጡ። ላነብበው ስል ከመካከላቸው አንዲቱ «መምህር፣ እርስዎ አሁን ካነበቡት ከእንግዲህ በየሳምንቱ ምን ብለው ያዳምጡናል?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ጽሑፉን በፖስታ አሽገን አራቱም ፈረሙበትና ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥሁት።

ይህን ስጽፍ ድራማው ስድስተኛ ክፍሉን ይዟል፤ በዕረፍት ሰዓት ከድምፅ ማጉያው ሥር ቦታ አይገኝም። ፖስታው እንደ ታሸገ ነው። እኔ የጠረጠርሁት ሞተሩን ሊጠግን የመጣውን መካኒክ ነው።