ይቅርታ ሌላ፥ ጥበቃን ማንሣት ሌላ

በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ ግዛት የምትኖር አንዲት እኅታችንን በአሳባችን እንመልከት። ባልዋ ስለ ደበደባት ወደ እርስዋ እንዳይቀርብና እንዳያነጋግራት ፍርድ ቤት ከልክሎታል። በዚያ ግዛት የመጨረሻው የክልከላ ትእዛዝ ዳኛ ካላነሣው በቀር ጊዜው አያልፍበትም። ከ12 ዓመት በኋላ ሽማግሌዎች መጥተው፥ «ልጃችን፥ ሰውየው ተለውጧል፤ ይቅር ካልሽው ትእዛዙ ይነሣ ብለሽ ተስማሚለት» ይሏታል። እርስዋም፥ «እምቢ ብል ይቅርታዬ ሐሰት ይሆንብኝ ይሆን?» እያለች ትጨነቃለች።

በዚህ ነገር ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋልና መለየት ይገባናል። ይቅርታ ቂምንና በቀልን ከልብ ማውጣት ነው፤ ይህንን ዛሬውኑ ልትፈጽመው ትችላለች። ትእዛዙ ግን አጥር ነው እንጂ በቀል አይደለም። ዳዊት ሳኦልን በተኛበት ሊገድለው ሲችል ራራለት፥ ጦሩንም መለሰለት፤ ነገር ግን ሳኦል ዳግመኛ ክፉ ላያደርግበት ቃል ገብቶ በጠራው ጊዜ አልተከተለውም፥ መንገዱን ሄደ (1ኛ ሳሙ. ምዕ. 26)። ስለዚህ ዳዊት ይቅር አላለም የሚል ማን ነው?

የሕጉም አካሄድ ይህን ይመስላል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1995 ከተሰጠው ፍርድ ወዲህ የግዛቲቱ ዳኞች 11 ነጥቦችን ይመረምራሉ። ከነዚህም ውስጥ፥ ሴቲቱ ወድዳ ተስማምታ እንደ ሆነ፥ አሁንም ትፈራው እንደ ሆነ፥ ሰውየው ትእዛዙን ጥሶ እንደ ሆነ፥ መጠጥ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ይወስድ እንደ ሆነ፥ በሌላም ሰው ላይ እጁን አንሥቶ እንደ ሆነ፥ ጠባዩን ለማረም ምክር ተቀብሎ እንደ ሆነ፥ ዕድሜውና ጤናውም ይገኙባቸዋል። መስማማትዋ ከነዚህ አንዱ ነው፤ ትእዛዙን የሚያነሣው ግን ዳኛው ነው።

እርስዋም በነዚሁ ጥያቄዎች ነገሩን ትመርምር። ትእዛዙ ሲነሣ በርዋ ላይ ቢቆም መቅረቡ ብቻ ጥፋት አይሆንበትም፤ በዚሁ ትእዛዝ የታገደበት የጦር መሣሪያም ክልከላው ይቀርለታል። አዲስ በደል ቢደርስባት እንደገና ማመልከት ትችላለች፤ ነገር ግን ያን ጊዜ በደሉ ደርሷል። የተፈለገው በልጃቸው ሠርግ አብረው መገኘት ብቻ ከሆነ፥ ዳኛው ትእዛዙን ሳያነሣ ሊያሻሽለው ይችላልና ይህን ከጠበቃ ጋር ትማከርበት። ሰውየው ትእዛዙን ዘመኑን ሁሉ አክብሮ፥ መጠጡን ትቶ ቢገኝ፥ እርስዋም ፍርሃትዋ በእውነት ተወግዶ እንደ ሆነ፥ መስማማትዋ መልካም ነው። በሰው ፊት እንዳታፍር ብላ ግን አትስማማ።

ሽማግሌዎች ሆይ፥ እናንተም አስቀድማችሁ ወደ እርሱ ሂዱ፤ በ12ቱ ዓመት ውስጥ ምን እንዳደረገ ጠይቁት። በእውነት የተጸጸተ ሰው የበደላትን ሴት «አይሆንም» የሚል ቃል ያለ ቍጣ ይቀበላል። ሲሰማ የሚቈጣ ከሆነ ግን ለጥያቄያችሁ መልስ አገኛችሁ ማለት ነው።