ምግብ አልወርድ ያለው ሕሙም እንዴት ይጹም?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጾም በገባ ቁጥር በየቤቱ ዝም ብሎ የሚቸገር ሰው አለ። ስኳር፣ እንቅርት፣ ኤችአይቪ ወይም ሌላ የቆየ ሕመም አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ገበታ ሲቀርብ የጎረሰው አልወርድ ይለዋል። ቤተሰቡ «ብላ እንጂ» ሲለው «ጠግቤያለሁ» ይላል። ይህ ትምህርት ለእርሱና ለቤተሰቡ ነው። የመዋጥ ችግር በጾም የሚሸፈን ነገር አይደለም፤ ለሐኪምም ለንስሐ አባትም ቶሎ ሊነገር ይገባል።

1. ጉሮሮ ለምን ይጠባል?

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንዳንዱ ሰው ምራቁን ሲውጥ ጉሮሮው ውስጥ አንዳች ነገር የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ሲበላ ግን ምግቡ ይወርድለታል። ይህ ብዙ ጊዜ ከጭንቀት፣ ከሐዘን ወይም ከቃር ይመጣል። ሌላው ደግሞ ምግቡ ራሱ ደረቱ ላይ ይቆምበታል፣ ወይም በበላ ቁጥር ትን ይለዋል። ይህኛው የግድ ምርመራ ይፈልጋል። ምክንያቱም እንደ ሕመሙ ይለያያል፦

ሀ/ እንቅርት፦ አብዛኛው እንቅርት መዋጥ አይከለክልም፤ በጣም ሲያድግ ግን የምግብና የአየር ቧንቧን ይጫናል። በደጋማው አገራችን ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. ደንብ የወጣው ለዚህ ነው።

ለ/ ኤችአይቪ፦ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ነጭ ፈንገስ አፍንና የምግብ ቧንቧን ይሸፍናል፤ መዋጥም ያቃጥላል። በመድኃኒት ይድናል።

ሐ/ የቆየ ቃር፦ አሲዱ የምግብ ቧንቧን ደጋግሞ ሲያቆስለው ጠባሳው ቧንቧውን ያጠበዋል።

መ/ ስትሮክ፦ ግማሽ አካል ሲዝል የጉሮሮ ጡንቻም አብሮ ሊዝል ይችላል። እንዲህ ያለውን ሕሙም ብዙ ጊዜ ከገንፎው ይልቅ ውኃው ትን ይለዋል፤ ወደ ሳንባ ከገባ ደግሞ የሳንባ ምች ያመጣል።

ሠ/ የምግብ ቧንቧ ካንሰር፦ በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ በብዛት ይታያል። በመጀመሪያ ደረቁ ምግብ፣ ቀጥሎ ለስላሳው፣ በመጨረሻ ውኃው አልወርድ ይላል፤ ሰውየውም ይከሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2008 ዓ.ም. ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ ለዚህ ካንሰር ሳያጋልጥ እንደማይቀር አስታውቋል። ጥፋቱ የሙቀቱ እንጂ የቡናው አይደለም። የይርጋጨፌ ቡና ያለን ሰዎች ቡናችንን እንጠጣ፤ ግን ሲኒው በረድ እስኪል እንታገሥ።

2. ሥርዓቱ ምን ይላል?

ብዙ ሰው «ጾሙን ከምሽር ሞቴን እመርጣለሁ» ይላል። ቅንዓት ይመስላል፤ ሥርዓቱ ግን እንዲህ አላለም። የሐዋርያት ቀኖና ጾምን ሲያዝ በሥጋ ደዌ የተያዘውን ለይቶታል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ውኃ ብቻ እንዳይጠጣ መክሮታል (1ጢሞ. 5፥23)። ጌታችንም የኢያኢሮስን ልጅ ካስነሣት በኋላ የምትበላውን እንዲሰጧት አዘዘ (ማር. 5፥43)።

ስለዚህ ሕሙም በራሱ አይወስን፤ የንስሐ አባቱን ያማክር። አባት ሰዓቱን ሊያሳጥርለት፣ ምግቡን ሊፈቅድለት፣ በምትኩም ጸሎትና ምጽዋት ሊያዘው ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ረጅም ሰዓት አይጹም። ከሐሜት መጾም ግን ሕሙምም ጤነኛም ይችለዋል።

3. ገበታውን ማለዘብ

ደረቅ ቆጮ፣ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ለተቸገረ ጉሮሮ ይከብዳሉ። ቀጠን ያለ የቡላ ገንፎ በዘይት፣ የምስር ሾርባ፣ በሽሮ የራሰ እንጀራ ይሻላሉ፤ ሁሉም የጾም ናቸው። ሕሙሙ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ጥቂት በጥቂት ይጉረስ፤ እየጎረሰ አያውራ። በልቶም ወዲያው አይተኛ። ኪኒን ተቀምጦ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይዋጥ፤ ውኃ ትን የሚለው ሰው ግን እንዴት እንደሚወስደው ሐኪሙን ይጠይቅ። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ቢሆንም ትን ለሚለው ሰው ትልቅ ጉርሻ አደጋ ነው፤ ፍቅራችንን በትዕግሥት እንግለጽለት።

4. ጠበል፣ መድኃኒትና ቅዱስ ቁርባን

መዋጥ ያቃተውን ሰው ብዙ ጠበል እንዲጠጣ አናስገድደው፤ መጠመቅም አለ። «ጠበል ጀምሬያለሁ» ብሎ መድኃኒት ማቆምም አይገባም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል።

«ትን ቢለኝስ» ብሎ ከቅዱስ ቁርባን የራቀ ሕሙምም አለ። ወገኔ ሆይ፣ በፍርሃት አትቅር። ቀድመህ ለንስሐ አባትህ ንገር፤ ካህናቱ ሁኔታህን አውቀው በጥንቃቄ ያቀብሉሃል።

5. መቼ ወደ ሐኪም?

ምግብ መቆም ከጀመረ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ በበሉ ቁጥር ሳል ከመጣ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ እንቅርት በፍጥነት ካደገ፣ ፋሲካን አትጠብቁ፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሂዱ። ምራቅ እንኳ መዋጥ ካልተቻለ፣ ደም ካስመለሰ ወይም መተንፈስ ከከበደ በዚያው ሰዓት ሂዱ። «ቡዳ በላው» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ ሊድን የሚችለውን ሰው ያሳጣናል።

ዛሬ ገበታ ላይ ስንቀመጥ «ጠግቤያለሁ» የሚለውን ወገናችንን ጠጋ ብለን እንጠይቀው፦ ጠግበህ ነው ወይስ አልወርድ ብሎህ? በመስቀል ላይ የተጠማው አምላካችን ሕሙማንን ይማርልን፤ ጾሙን የበረከት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።