ውኃ የቋጠረ የፋይበር ግላስ ጀልባ፤ የምርመራና የጥገና ዘዴ

መግቢያ

በጣና ሐይቅ በደንገል ታንኳ የሚሠራ ዓሣ አስጋሪ ከሥራ ሲመለስ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ያደርቃል። ደንገል ውኃ ሲመጥ እንደሚከብድ ያውቃልና። የፋይበር ግላስ ጀልባ ግን ውኃ አይገባውም ተብሎ ስለሚታመን ለወራት ከሐይቁ ሳይወጣ ይቆያል። ይህ በራሪ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞችና የዓሣ አስጋሪ ማኅበራት ጉዳቱን በጊዜው እንዲያውቁና እንዲጠግኑ ተዘጋጅቷል።

ውኃው እንዴት ይገባል?

ፋይበር ግላስ በሬዚን ተነክሮ የደረቀ የመስታወት ክር ነው። ክሩ አይበሰብስም። ሆኖም በብዙ ጀልባዎች ወለልና ሞተሩ በሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ውስጥ ኮምፔንሳቶ ወይም ፎም አለ። ውኃ የሚገባው በአብዛኛው በደንብ ባልተደፈነ የብሎን ቀዳዳ፣ ወይም ጀልባው በድንጋይ ላይ ሲጎተት በሚፈጠር ስንጥቅ ነው። አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። እንጨቱ ሲበሰብስ የኋላው ግድግዳ ሞተሩን መሸከም ያቅተዋል። ውኃ የቋጠረ ፎምም ጀልባው በማዕበል ሲሞላ ሊያንሳፍፈው አይችልም። ስለዚህ ጉዳዩ የንብረት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጭምር ነው።

ምርመራ

1. ጀልባው አዲስ ሳለ ባዶውን ጸጥ ባለ ውኃ ላይ አንሳፍፎ ውኃው የደረሰበትን መስመር በቀለም ማመልከት። በኋላ ባዶውን ሆኖ ከመስመሩ በላይ ከሰጠመ ውኃ ቋጥሯል ብሎ መጠርጠር ይገባል። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን፣ 60 ሊትር የቋጠረ ጀልባ ሁልጊዜ አንድ ተጨማሪ ሰው እንደ ጫነ ይቆጠራል።

2. ወለሉን ረግጦ ማየት። የሚሰረጉድ ከሆነ ውስጡ ተጎድቷል።

3. በመዶሻ እጀታ በየቦታው ማንኳኳት። ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተጎዳው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል።

4. ሞተሩን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መጫን። ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ጀልባው ከሥራ ይታገድ።

5. ለማረጋገጥ ከውስጥ በኩል የውጭውን ንጣፍ ሳይነኩ በ5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ መብሳት። የሚወጣው ፍቅፋቂ እርጥብና ጥቁር ከሆነ እንጨቱ በስብሷል።

ጥገና

1. ጀልባውን አውጥቶ ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ማስቀመጥ።

2. የውስጡን ንጣፍ ቆርጦ ማንሳት፤ የበሰበሰውን እንጨትና ውኃ የቋጠረውን ፎም በሙሉ ማስወገድ። እንዲህ ያለው ፎም ስለማይደርቅ በአዲስ ይተካል።

3. የቀረው ክፍል ፈጽሞ እስኪደርቅ መጠበቅ። ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

4. ውኃ በሚቋቋም ሙጫ የተሠራ ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ጠርዙን ጨምሮ ሬዚን መቀባትና መግጠም።

5. የአሮጌውን ንጣፍ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አሳስቶ ማዘንበል። ለ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያስፈልጋል። ከዚያ አዲሱን ፋይበር ግላስ በሬዚን እየነከሩ መደራረብ። ለ1 ኪሎ የፖሊስተር ሬዚን በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ግራም ማድረቂያ ይበቃል፤ ቢሆንም በዕቃው ላይ የተጻፈው መመሪያ ይጠበቅ።

6. የብሎን ቀዳዳዎችን አስፍቶ በኢፖክሲ መሙላት፤ ሲደርቅ እንደገና መብሳት።

ማስጠንቀቂያ

ማድረቂያው ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ መነጽር፣ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳያደርጉ መሥራት አይገባም። በአካባቢው እሳትና ሲጋራ የተከለከለ ነው።

ማጠቃለያ

እኛም በአንድ ወቅት ስንጥቁን ከውጭ ብቻ ለጥፈን ጀልባውን ለባለቤቱ ማኅበር መልሰን ነበር። ከወራት በኋላ ሲከፈት እንጨቱ በእጅ የሚፈረፈር ሆኖ አገኘነው። ውኃውን ከውስጥ ዘግተን ያስቀረነው እኛው ነበርን። ስለዚህ የዓሣው ሥራ ቢያስቸኩልም ያልደረቀ ጀልባ እንዳይደፈን አጥብቀን እናሳስባለን።