«ጀርም» የተባለው ቃልና ልዩ ልዩ ፍቺዎቹ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

አንድ ተማሪ ስለ ምግብ የሚያትት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተርጉሞ በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ እንበል። በጽሑፉ ውስጥ «የስንዴ ጀርም ለጤና ይበጃል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኝበታል። ይህን ያነበቡ ጓደኞቹ ገሚሶቹ ሣቁ፤ ገሚሶቹም ስንዴው የተበከለ መስሏቸው ደነገጡ። ተማሪው የጻፈው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ቃሉን ሳይፈታ እንዳለ በማስፈሩ አንባቢዎቹን አሳሳተ።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ መነሻ ፍቺው ቡቃያ ማለት ነው። በእንግሊዝኛም አንደኛው ትርጉሙ አድጎ ሙሉ አካል የሚሆን የሕይወት መነሻ ነው። የስንዴ ቅንጣት ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ፉርሽካ የሚወጣው ሽፋን፣ አብዛኛው ዱቄት የሚገኝበት መካከለኛ ክፍልና በአንድ ጫፍ የተቀመጠው ትንሽ ፅንስ ናቸው። ገብስ ለብቅል ሲነከር ሥርና ቡቃያ የሚያወጣው ይኸው ፅንስ ነው። ዘይትና ቪታሚን ስላለበትም ገንቢ ምግብ ነው።

ታዲያ የሕይወት መነሻ የነበረው ቃል የበሽታ መነሻ ስም የሆነው እንዴት ነው? ፍራካስቶሮ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሽታ ዘር በመሰሉ ረቂቅ ነገሮች እንደሚተላለፍ ጻፈ። ዘር በእርሻ ወድቆ እንደሚበዛ ሁሉ፣ በሽታም በአካል ውስጥ ይራባል ማለቱ ነው። ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ሉዊ ፓስተር መጠጥ የሚፈላውና የሚበላሸው በረቂቅ ተሕዋስያን ምክንያት መሆኑን አስረዳ። ሮበርት ኮኽም እ.ኤ.አ. በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን አስታወቀ። ከዚህም የተነሣ ቃሉ በሽታ አምጪ ለሆኑት ተሕዋስያን መጠሪያ ሆኖ ጸና። ወደ አማርኛ ገብቶ የተለመደውም ይኸው ፍቺ ነው።

ሦስተኛው ፍቺ ዘይቤያዊ ነው። እንግሊዞች የአንድን ሐሳብ መነሻ «ጀርም» ሲሉት፣ እኛ ከጠላ ጠመቃ በተወሰደ ቃል «ጥንስስ» እንለዋለን።

እንግዲህ ቃል የሚፈታው በዐውዱ ነው። ስለ እህል ሲነገር ፅንስ፣ ስለ ሐሳብ ሲነገር ጥንስስ፣ ስለ በሽታ ሲነገር ጀርም ይሆናል። በሰሌዳው ላይ «የስንዴ ፅንስ» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የሚደነግጥ አይኖርም ነበር።

መልመጃ

ሀ. በባዶ ቦታዎቹ «ፅንስ»፣ «ጥንስስ» ወይም «ጀርም» የሚለውን ቃል አስገቡ።
1. ያልፈላ የወንዝ ውኃ ——— ሊኖርበት ይችላል።
2. ——— የሞተበት እህል ቢዘራ አይበቅልም።
3. የዕድራችን ——— በዋርካ ሥር የተደረገ ጭውውት ነበር።

ለ. «ዘር» የሚለው ቃል ያሉትን ልዩ ልዩ ፍቺዎች በሦስት ዐረፍተ ነገሮች አሳዩ።