የሕፃን የመጀመሪያው ዓመትና የአባት ድርሻ

ልጅ በተወለደ ጊዜ ምስጋናው ለእግዚአብሔር ይቀርባል፤ ምጡና ድካሙ የእናቲቱ ነው፤ ስሙ ግን የአባት ሆኖ ይጠራል። በአገራችን ልማድ ማንም ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው የአባቱን ስም ጠርቶ ነው። እንግዲህ አባት ያላማጠውንና ያላጠባውን ልጅ በስሙ ካስጠራ፥ ስለዚህ ክብር የሚከፍለው ምንድር ነው? ብዙዎቻችን «ቀለብና ልብስ» ብለን እንመልሳለን። «ሕፃን ነፍስ እስኪያውቅ ድረስ የእናቱ ነው፤ የአባት ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው» የሚለውም አሳብ በከተማም በገጠርም የተለመደ ነው። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚሁ አሳብ ኖረናል። ስሕተት መሆኑን ያስተማረችን ገና አንድ ዓመት ያልሞላት ሴት ልጃችን ናት። ስለዚህ ትምህርቱን ከመጻሕፍትና ካገኘን ነገር አስተባብረን፥ ለካህናት ወንድሞቻችንና ለምእመናን አባቶች እናቀርባለን።

አምላክ በሕፃንነት ማለፉ

አዳም ሲፈጠር የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ እንደ ተፈጠረ ሊቃውንቶቻችን ያስተምራሉ። ሁለተኛው አዳም ክርስቶስም ፈቃዱ ቢሆን ኖሮ እንደዚሁ በአንድ ጊዜ በጎልማሳ አካል መገለጥ ይቻለው ነበር። እርሱ ግን በማኅፀን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን አደረ፤ በጨርቅ ተጠቀለለ፤ ጡት ጠባ፤ ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ ጻፈውም ጥቂት በጥቂት አደገ። ስለዚህ የሕፃን መሳቅ፥ የሕፃን መቀመጥ፥ የሕፃን መዳኽና መቆም፥ አምላክ በለበሰው ሥጋ የተቀደሰ መንገድ ነው እንጂ የሚናቅ ነገር አይደለም።

ይህንንም መንገድ ሲሄድ በአጠገቡ ሰው አልታጣም። አረጋዊው ስምዖን በአርባ ቀኑ በክንዱ አቀፈው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን የካቲት 8 ቀን ታከብራለች። ጻድቁ ዮሴፍ በሥጋ ሳይወልደው ለአባትነት አገልግሎት ተመርጦ፥ ሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ ተሰደደ። ያልወለደ ዮሴፍ ይህን ያህል ከደከመ፥ ወልደን በስማችን የምናስጠራ እኛ ምን እንላለን?

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። ነቢዩ ሆሴዕ በ11ኛው ምዕራፍ፥ እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያለውን ፍቅር ሊገልጽ በወደደ ጊዜ፥ የንጉሥን ዙፋን ወይም የጦር አለቃን ኃይል አላመለከተም፤ ልጁን ክንዱን ይዞ መራመድ የሚያስተምርና ሊመግበው ዝቅ የሚል አባትን ነው ያሳየን። ፈጣሪ ራሱን ሊመስልበት ያልናቀውን ሥራ፥ ፍጡር አባት «የሴት ሥራ ነው» ብሎ ሊንቀው አይገባም።

ከልደት እስከ ክርስትና

የእኛ እንጀራ ያለው በወልቂጤ ነው። ባለቤታችን ግን የመውለጃዋ ወራት በደረሰ ጊዜ፥ እንደ አገሩ ልማድ በእናቷ ቤት ለመታረስ ወደ ቡታጅራ ሄደች። ሁለቱም ከተሞች የጉራጌ አገር ናቸው፤ ነገር ግን ወልቂጤ በምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ፥ ቡታጅራ በምሥራቅ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ስላሉ፥ በመካከላቸው የጉራጌ ደጋ ይቆማል። ልጃችን ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ ተወለደች። እኛም ሄደን ዓይኗን አይተን፥ ለአራሷ የሚያስፈልገውን ሰጥተን፥ በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራችን ተመለስን። ግዴታችንን የፈጸምን መስሎን ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት ባለቤታችን በስልክ ጠርታ «ዛሬ ሳቀች» አለችን። ሕፃን በእንቅልፉ ፈገግ የሚለው ከተወለደ ጀምሮ ነው፤ የሰው ፊት አይቶ፥ ለዚያ ፊት መልስ አድርጎ የሚስቀው ግን ወደ ስድስተኛውና ወደ ስምንተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ይህ ሰው ለሰው የሚሰጠው የመጀመሪያው ሰላምታ ነው። የልጃችን ሰላምታ ለእናቷና ለአያቷ ተሰጠ፤ እኛ በዚያን ሰዓት የዕቃ ሒሳብ እንጽፍ ነበር።

በ80ኛው ቀን ለክርስትና ተገኘን። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን መጠመቋ፥ አዳምና ሔዋን ወደ ገነት ከገቡባቸው ቀኖች ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ መጽሐፈ ኩፋሌን የሚያውቁ ሁሉ ያስተውሉታል። ልጃችን ተጠምቃ፥ በቅዱስ ሜሮን ታትማ፥ ማዕተብ በአንገቷ ታሥሮላት፥ ሥጋውንና ደሙን ተቀበለች። የክርስትና እናቷም አደራዋን ተቀበለች። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ልባችንን ወጋው፦ ለልጃችን በመንፈስ እናት የሆነችው ሴት በየሳምንቱ ስትጠይቃት፥ በሥጋ አባቷ የሆንነው እኛ ግን እንግዳ ሆነን ነበር።

እናትን ማጽናናት ልጅን መጠበቅ ስለ መሆኑ

ባለቤታችን በእነዚያ ወራት እንቅልፍ አጥታ፥ ፊቷ ጠቁሮ አየናት። «የአራስ ድካም ነው፤ ያልፋል» ብለን አለፍነው። እዚያው ቡታጅራ ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ትብብር የሕዝብ ጤና ጥናት ሲካሄድ እንደ ኖረ የተረዳነው ኋላ ነው። በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ ከ1000 የሚበልጡ ነፍሰ ጡር እናቶች ተመዝግበው፥ እነርሱና ልጆቻቸው ክትትል ተደርጎላቸዋል። ከወሊድ በፊት የጀመረው የአእምሮ ጭንቀት ከወሊድም በኋላ የጸናባቸው እናቶች ሕፃናት በተቅማጥ መታመም በዝቶባቸው ተገኝቷል።

እንግዲህ ባል ለሚስቱ የሚናገረው መልካም ቃል፥ ሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑን የሚያባብልበት አንድ ሰዓት፥ ለሚስቱ ብቻ የሚደረግ ቸርነት አይደለም፤ ለሕፃኑም ጤና ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንደ ገዛ ሥጋቸው እንዲወዱ ያዘዘው ትእዛዝ፥ በአራስ ቤት ከሁሉ ይልቅ ይፈተናል። የእናቲቱ ኀዘን ከሳምንታት በላይ የጸና እንደ ሆነ ግን፥ ከጸሎት ጋራ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

በመስቀል ያገኘን ተግሣጽ

በጉራጌ አገር መስቀል ምን ያህል ታላቅ በዓል እንደ ሆነ መንገር አያስፈልግም። ለንግድና ለሥራ በአዲስ አበባና በየአገሩ የተበተነው ሁሉ ወደ ትውልድ ቤቱ ይመለሳል። በዚያ ዓመት መስቀል ልጃችን ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ከቡታጅራ አውቶቡስ መናኸሪያ ዕቃ ተሸክመው ከሚወርዱት አባቶች መካከል እኛም ነበርን። ለሕፃኗ ቀሚስና ጫማ ገዝተን፥ ከደጅ ስንገባ ሁለት እጃችንን ዘረጋንላት። ልጃችን አየችን፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ጮኻ አለቀሰችና ፊቷን በአያቷ ነጠላ ውስጥ ሸሸገች።

የተሰበሰቡት ሳቁ፤ እኛም አብረን ሳቅን፤ ልባችን ግን አልሳቀም። አማታችን በዚያን ማታ ለብቻችን ጠርተው፥ ሕፃን የሚያውቀው ያቀፈውን እንጂ ቀሚስ የገዛለትን እንዳይደለ ነግረው ገሠጹን። ነገሩ በእውቀትም የታወቀ ነው፤ ሕፃን ከሰባተኛውና ከስምንተኛው ወር ጀምሮ የሚያምናቸውን ፊቶች ከሌሎች ለይቶ ያውቃል፤ ባዕድ ሲያይ ይፈራል። መፍራቱ የጤና ምልክት ነውና የሕፃኗ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ባዕድ ሆኖ የተገኘው አባቷ መሆኑ ነው። «የምንደክመው ለልጃችን ነው» እያልን ልጃችንን እንዳጣናት በዚያ ሌሊት ተረዳን። ከበዓሉ በኋላ የቤት ኪራዩ ቢከብድብንም፥ እናቲቱንና ልጇን ወደ ወልቂጤ ይዘን ተመለስን።

ሕፃንን ከሕፃን ጋራ ስለ ማወዳደር

ወደ ወልቂጤ ከመጣች በኋላ ሌላ ፈተና ገጠመን። በጎረቤታችን ያለ ሕፃን በአሥር ወሩ ቆሞ ሲራመድ፥ የእኛ ልጅ ገና በቂጧ እየተንፏቀቀች ትሄድ ነበር። አንዱ «ምን ሆና ነው?» ሲል ሌላው «ሰው ዓይኑን ጥሎባት ይሆናል» አለ። እኛም በአንድ በኩል ፈራን፥ በሌላ በኩል በሰው ልጅ ቀናን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ቤታችን በመጣች ጊዜ ግን ልጃችንን አይታ አጽናናችን።

የዓለም የጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2006) ባወጣው ጥናት፥ በጋና፥ በሕንድ፥ በኖርዌይ፥ በኦማንና በአሜሪካ ያሉ ጤነኞች ሕፃናት ተመርምረው ነበር። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ4ኛው ወር ገደማ እስከ 9ኛው ወር፥ ያለ ድጋፍ መቆም ከ7ኛው እስከ 17ኛው ወር ገደማ፥ ብቻን መራመድ ከ8ኛው እስከ 17ኛው ወር ተኩል ድረስ ሊሆን እንደሚችል ታይቷል። ከእነዚያ ጤነኞች ሕፃናት መካከል በእጅና በጉልበት ፈጽሞ ሳይድኹ የተራመዱም ነበሩ። ስለዚህ አንዱ ቢቀድም ሌላው ቢዘገይ ሁለቱም በጊዜያቸው ናቸው። ጌታ ለአንዱ አምስት ለአንዱ ሁለት መክሊት ሲሰጥ እንዳላዳላ፥ ለሕፃናትም ዕድገትን በየመጠኑ ይሰጣል።

ይህ ሲባል ግን ምልክትን ቸል ማለት አይገባም። በሦስተኛው ወር ለሰው ፊት የማይስቅ፥ ድምፅ ሲሰማ የማይደነግጥና የማይዞር፥ ሰውነቱ እንደ እንጨት የደረቀ ወይም እንደ ጨርቅ የላላ፥ በዘጠኝ ወሩ የማይቀመጥ፥ ወይም የለመደውን መልሶ የሚያጣ ሕፃን ሳይዘገይ ለሐኪም ይታይ። ጸበልና ሕክምና አይጣሉም፤ ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። እንዲህ ያለውን ሕፃን በኀፍረት በጓዳ የሚሸሽግ አባት፥ ልጁን ሁለተኛ ጊዜ ይጎዳዋል።

ስለ ምግብና ስለ ክትባት

ይህን ክፍል በተለይ አባቶች እንዲያነቡልን እንለምናለን፤ በቤት ውስጥ የሚከለክለውና የሚፈቅደው ብዙ ጊዜ የአባት ቃል ነውና። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም ሆነ በብዙ ቦታ እንደሚደረገው ቅቤ ማላስ አያስፈልገውም። ከስድስት ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል። በጉራጌ አገር የቡላ ገንፎ ለሕፃን የተወደደ ነው፤ ነገር ግን እንሰት ጉልበት ይሰጣል እንጂ ሥጋ የሚገነባው ነገር ያንሰዋልና፥ ወተት፥ እንቁላል ወይም የጥራጥሬ ዱቄት ይጨመርበት።

«ዐቢይ ጾም ነው» ብለው ለሕፃን ወተትና እንቁላል የሚከለክሉ ደጋግ ሰዎች አይተናል። ቤተ ክርስቲያን ጾምን በሰባት ዓመት ታስጀምራለች እንጂ ጡት የሚጠባ ሕፃንን አላሠረችም፤ ካህናት ይህን በግልጥ ቢያስተምሩ ብዙ ሕፃናትን ይጠቅማሉ።

ክትባትም በተወለዱ ጊዜ፥ በ6፥ በ10 እና በ14 ሳምንት፥ የኩፍኙም በ9 ወር ይሰጣል። የእኛ ልጅ በቡታጅራ ሳለች በአያቷ ጀርባ ሆና ሄደች፤ የኩፍኙን ቀን ግን በወልቂጤ እኛው አቅፈናት ተሰለፍን። በሰልፉ ውስጥ ወንድ የነበርን እኛ ብቻ ነበርን።

ዓመቷ በሞላ ጊዜ

ከ81ዱ መጻሕፍት የማይቆጠር፥ በያዕቆብ ስም የሚጠራ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ፥ እመቤታችን ዓመት በሞላት ጊዜ አባቷ ኢያቄም ካህናትን ጠርቶ ግብዣ እንዳደረገና እንዳስመረቃት ይተርካል። የልጅን ዓመት መቍጠርና ማመስገን የእናት ብቻ ሳይሆን የአባትም ደስታ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የእኛም ልጅ ጥር ተመልሶ ዓመቷ በሞላ ጊዜ ገና አልተራመደችም ነበር። ነገር ግን ማታ ማታ ለጸሎት ስንቆም በክንዳችን ሆና፥ ስናማትብ እጇን ወደ ግንባሯ ታነሣ ጀምራ ነበር። በዚያው ወር በአንዱ ማታ ግድግዳውን ይዛ ቆመች፤ ተንበርክከን እጃችንን ዘረጋንላት። ግድግዳውን ለቀቀች፤ አንድ ጊዜ ተራመደችና በእጃችን ላይ ወደቀች። ያ እጅ በመስቀል ዕለት የሸሸችው እጅ ነበር።

ስለዚህ አባቶች ሆይ፥ ከቤት መራቅ ግድ የሆነባችሁ ብትኖሩ፥ የምትመጡበትን ቀን ወስናችሁ አክብሩት፤ ስትመጡም ከዕቃው በፊት ሕፃኑን አንሡ፤ በራቃችሁም ጊዜ ድምፃችሁን አሰሙት፤ እናቱን አጽናኑ። መቅረብ የሚቻላችሁ ግን ቅረቡ። እናንተም የነፍስ አባቶች፥ አባት የሆነው ልጃችሁ ለንስሐ ሲቀርብ ስለ ሐሰትና ስለ ስካር እንደምትጠይቁት ሁሉ፥ «ሕፃንህን በዚህ ሳምንት አቅፈሃልን?» ብላችሁ ጠይቁት። የሰማዩን አባት «አባታችን» ብሎ የሚጠራ ልጅ፥ የአባትን ትርጉም አስቀድሞ የሚማረው ከምድራዊ አባቱ እጅ ነውና።

ዝቅ ብሎ የሚያነሣን አምላክ፥ ለልጆቻችን ዝቅ ማለትን ያስተምረን።