የባሌስትራ ቡሽን በቤት ስለ መለወጥ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ቡሎንና ስለ ባሌስትራ ለመጻፍ ምን አገባው የሚል አይታጣም። ነገር ግን ከጅማ ተነሥቶ ወደ ጎጀብ ሸለቆ የወረደ፥ እንደገና ወደ ቦንጋ የወጣ፥ ከዚያም ዝናብ በበላው የጠጠር መንገድ ወደ ካፋ ገጠር የዘለቀ ሰው መኪናው ከሥሩ «ጓ! ጓ!» ሲል ሳይሰማ አልቀረም። ብዙው ሰው ድምፁን በእርጅና ያመካኛል። እኔ ግን አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ቡሹ ነው እላለሁ።

ቡሽ በባሌስትራው ጫፍ ባለው ቀለበት ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1985 በተሠራው ባለ ባሌስትራ ላንድሮቨር ላይ፥ ከውጭ አንድ የብረት ቱቦ፥ ከውስጥ ሌላ ጠባብ ቱቦ፥ በመካከላቸው ላስቲክ አለው። የውስጡን ቱቦ ቡሎኑ ጨምቆ ስለሚይዘው አይዞርም፤ ባሌስትራው ሲወጣና ሲወርድ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። ይህ ላስቲክ ሲያልቅ ብረት ከብረት ይጋጫል፤ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ መሪውም ቀጥ ብሎ መሄድን እንቢ ይላል። በጭቃ ቁልቁለት ላይ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከክሪኩ ነው። ዝናብ የጠጣ የቦንጋ ቀይ አፈር ክሪክ ይውጣል፤ ስለዚህ ወፍራም ሳንቃ ከሥሩ ይነጠፍ። መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ይታገዱ፤ ሻንሲውም ተነሥቶ በጠንካራ ግንዲላ ላይ ይረፍ። ድንጋይ ሸክም ሲበዛበት በድንገት ይሰነጠቃልና አይታመንም። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር የሚገባ ጓደኛ ካያችሁ፥ እግሩን ይዛችሁ ጎትታችሁ አውጡት።

የዛጉትን ዳዶዎች ከአንድ ቀን በፊት ዘይት ማጠጣት ብዙ ድካም ያድናል። ክሪኩ አክስሉን እንደ ደገፈ ቡሎኖቹ ይፈቱና ባሌስትራው ይወርዳል። አሮጌው ቡሽ በሞርሳ ተገፍቶ ይወጣል፤ በአንዱ ወገን ከቡሹ ጥቂት የሚጠብ ብረት፥ በሌላው ወገን ቡሹን የሚቀበል ሰፋ ያለ ቱቦ ይደረጋል። እንቢ ካለ፥ እንደ አንዳንዶች በእሳት ማቃጠል አያስፈልግም፤ ጭሱ መርዝ ነው። ላስቲኩን በስቶ የውስጡን ቱቦ ማውጣት፥ ከዚያም መካኒኮች ሰጌቶ በሚሉት የብረት መጋዝ የውጩን ቱቦ ከውስጥ በኩል መሰንጠቅ ይበቃል፤ ነገር ግን ምላጩ የባሌስትራውን ቀለበት እንዳይበላ! ባለ ባሌስትራ ላንድክሩዘር ያላቸው በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ የእነርሱ ቡሽ ሁለት የላስቲክ ቁራጭ ሆኖ ከግራና ከቀኝ ይሰካል።

አዲሱ ሲገባ የውጩን ብረት ብቻ በስሱ ግራሶ መቀባት ይቻላል፤ ላስቲክን ግን ግራሶ ያበላሸዋል፥ ለእርሱ የሳሙና ውኃ ይስማማዋል። በግራ የተለወጠ በቀኝም ይለወጥ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጨረሻው ላይ ነው። መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ የቡሹ ቡሎን ጠብቆ ከታሰረ፥ ላስቲኩ በዚያው አቀማመጥ ይያዛል፤ መኪናው ሲወርድ ገና ሳይነዳ ተጠማዝዞ ይቆያል፥ ፈጥኖም ይቀደዳል። ስለዚህ ዳዶዎቹ በእጅ ብቻ ተይዘው መኪናው በአራቱም እግሩ ይቁም፤ ሁለት ሰው ጥቂት ጊዜ ተጭኖ ያወዛውዘው፤ ከዚያ በኋላ ይጥበቅ። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት ዳዶዎች ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ እንደገና ይፈተሹ።