ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ

በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ጀማሪ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ መገናኛ አካባቢ ሥራ ከሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች አንዱን ሻይ ጋብዤ ስለ ኑሮው እጠይቀው ጀመር። ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። እያወራን አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመ፤ ፎርማኑ ሰባት ስምንት ሰው በጣቱ ቆጥሮ ጭኖ ሄደ። ሰውዬው መኪናው እስኪሰወር በዓይኑ ሸኘውና ጥያቄዬን በትሕትና መመለሱን ቀጠለ። የዚያን ቀን እንጀራውን ያስቀረሁበት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ መጀመሪያ የምነግራችሁ ስለ ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት የቀን ሠራተኛን ከቆመበት አታንሱት። ከዚያ በኋላ ሥራ ያላገኘው ይቀራል፤ የማታው የአልጋ ሒሳብም ያሳስበው ይጀምራል። ለማዳመጥ ያኔ ሂዱ። ጎዳና ላይ የሚያድሩትን ደግሞ ከእንቅልፍ አትቀስቅሱ፤ ሌሊት የሚቀሰቅሳቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚያባርራቸው ነው። የተነጠፈው ካርቶን የሰው ቤት ነውና ጫፉ ላይ ቆማችሁ ሰላም በሉ፣ "ልቀመጥ?" ብላችሁ ጠይቁ። በዕድሜ የገፉትን "አባቴ"፣ "እማማ" በሉ፤ ጎዳና ስለወጡ አንቱታው ሊቀርባቸው አይገባም።

"ለምን ጎዳና ወጣህ?" የሚለውን ጥያቄ ትቼዋለሁ። ከእናንተ በፊት ብዙ ሰው ጠይቆታል፤ መልሱም ጠያቂው መስማት ወደሚፈልገው ያደላል። ይልቅ "ማታ የት አደርክ? እህል ቀምሰሃል? የሚያምህ አለ?" በሉት። ደብተርና ስልካችሁ ከኪስ አይውጣ። ፎቶ በፍጹም አታንሱ፤ አገር ቤት ያሉ ወላጆቹ ልጃችን አዲስ አበባ ሥራ ይዟል ብለው ተጽናንተው ይሆናል።

ከዚያ የሚጠይቋችሁ እርዳታ ካሰባችሁት የተለየ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብርድ ልብስ ይዘንላት የሄድን እናት የፈለገችው ፌስታሏን የምታስቀምጥበት ቦታ ነበር። ዕቃዋን ተሸክማ ልብስ ለማጠብ ሰው ቤት መግባት አልቻለችም። በአቅራቢያው ያለች ባለሱቅ ጠዋት ተቀብላ ማታ ልትመልስላት ተስማማች፤ እኛ ያደረግነው መለመን ብቻ ነው።

ከቀን ሠራተኛ ግን ደጋግሜ የምሰማው ያልተከፈለ ሒሳብ ነው። ውል ስላልፈረመ መብት ያለው አይመስለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የተለየ ፎርም ይኑረው ብሎ አያስገድድም፤ በቃል የተደረገም ውል ነው። የሚቸግረው ማስረጃ ነው። ስለዚህ እኔ ሃምሳ ሉክ ደብተር እገዛለታለሁ። ቀኑን፣ ሳይቱ ያለበትን ቦታ፣ የፎርማኑን ስም፣ የተስማሙበትን ብር፣ አብረውት የዋሉትን ሰዎች ማታ ማታ ይጽፍበታል፤ መጻፍ የማይችል ከሆነ ጓደኛው ይጽፍለታል። ያልተከፈለ ደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ስለሚታገድ፣ "ነገ ይከፍለኛል" እያለ ሲጠብቅ ጊዜው እንዳያልፍበት ቁጠሩለት። ለማመልከት ወደ ክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሲሄድም አብራችሁት ሂዱ። ብቻውን የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ከበር ላይ ይመለሳል።

ከመወጣጫ ወድቆ የተጎዳ ካጋጠማችሁ ሕክምናው ይቅደም፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ካርድ ሲወጣለት ግን "ወደቅሁ" ብቻ ሳይሆን "ሥራ ላይ ወደቅሁ" ብሎ እንዲያስመዘግብ ንገሩት። በዚያው አዋጅ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም፣ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን እስካልጎዳ ድረስ፣ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ያች አንዲት ቃል ካርዱ ላይ ሳትጻፍ ቀርታ ሰዎች ካሳ ሲያጡ አይቻለሁ።

ለተራበ ሰው በከተማዋ የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት አሉ። ከመጠቆም በፊት ግን ራሳችሁ ሄዳችሁ ሰዓቱንና አገባቡን እዩ። ደክሞት በእግሩ ተጉዞ የተዘጋ በር የጠበቀው ሰው ሁለተኛ አይሰማችሁም።

ቀጠሮ ስትሰጡም የምትችሉትን ብቻ ስጡ። ሐሙስ እመጣለሁ ካላችሁ ሐሙስ እዚያው ቦታ ተገኙ። ካልቻላችሁ ጥግ ላይ ሻይ ለምትሸጠው ልጅ ደውሉላት። እዚያ የሚውሉትን ሁሉ በስም ታውቃቸዋለች፤ እስከ ማታ መልእክቱ ይደርሳል።